የመጋዘኑ ሸራና የደሞዝ ወይራ

ቅናት ክፉ ነው የሚል ሰው በደንብ ቀንቶ አያውቅም። በደንብ የቀና ሰው ክፉ መሆኑን መች ያውቀዋል? እውነት በእጁ ያለች ነው የሚመስለው። የመተማው ደሞዝ እንደዚያ ሆኖ ነበር፤ የባሰው ነገር ደግሞ እውነትም ከፊሏ በእጁ ነበረች። የሱን ታሪክ የማወራችሁ ለዚህ ነው እንጂ ቀናተኛማ በየደጁ ሞልቷል።

ደሞዝ የደባት ሰው ነው። በጎረምሳነቱ ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ቆላ ወረደ። ወባ ጣለችው፤ ጓደኞቹን የጫነችው ሎሪም ጥላው ሄደች። ውሃ እያጠጣች ያነሳችውን ታንጉትን አገባና እዚያው ቀረ። ወገቡ ለአጨዳ እንቢ ሲለው እጀታ ጠራቢ ሆነ፤ የመጥረቢያ፣ የዶማ፣ የማጭድ እጀታ። ሰው እጀታ ሲገዛ ይከራከራል፣ ሲሰበርበት ይረግማል፣ ሳይሰበር ሲቀር ደግሞ ይረሳዋል። እጀታ ጠርቦ የተመሰገነ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ኅዳር ሲጋመስ ግን ደሞዝ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። የገና ጨዋታ ሲቃረብ ከተማው ዱላ ይፈልጋላ። ለአጨዳ የወረደው ደገኛ፣ መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ ሁሉም እንዳገሩ ጥንግ ካልመታ በዓሉ የመጣ አይመስለውም። ደሞዝ ሎሪ ነጂዎችን ለምኖ ከደጋ ወይራ ያስመጣል። ጫፉን በእሳት ለብ አድርጎ ያጎብጠዋል፣ ቅቤ ያጠጣዋል፣ መያዣው ላይ የፍየል ቆዳ ይጠቀልልበታል። ያ ቆዳ ማኅተሙ ነው። አሥራ ስምንት ገና ሙሉ የመተማ ልጆች ጥንግ የመቱት በደሞዝ ዱላ ነው። ያን አንድ ወር «እጀታው» መባሉ ቀርቶ «ጋሼ ደሞዝ» ይባላል፤ ሱቅ ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። አሥራ አንዱን ወር ችሎ የሚኖረው ለዚያች ወር ሲል ነበር።

ኋላ ማተቤ መጣ።

ማተቤ ከጎጃም የወረደ አናጢ ነው። የትምህርት ቤቱን ዴስክ ሊጠግን ለሦስት ወር ተቀጥሮ ሁለት ዓመት ቆየ። ሠላሳ ያልሞላው፣ ሳቂታ፣ ጥንግ ሲያባርር ደግሞ ለዓይን ደስ የሚል። ክርክራ ከሚባለው የቆላ እንጨት ለራሱ አንድ ዱላ ጠረበ። አብሮት የሚጫወተው አየና «ለኔም» አለ። የዚያ ጎረቤት ደግሞ «ለኔም» አለ። በሁለተኛው ዓመት ማተቤ ደጅ ያለው ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጫ ይጠፋ ጀመር።

ደሞዝ በዚያ ጥላ በኩል ያልፍ ነበር። መንገዱ አይደለም፤ ቤቱም ሥራውም በሌላ ወገን ነው። ግን ያልፋል፤ ሲያልፍም የተቀመጠውን ሰው ይቆጥራል። ሁለት ከሆኑ ምሳውን ይበላል። ሰባት ከሆኑ አይበላም። ታንጉት ነቅታበታለች።

«ዛሬስ ስንት ናቸው?» ትለዋለች ገና ከበሩ ሲገባ።

«እነማን?»

«አይ፣ ወጡን ላውጣው ወይስ ልክደነው ብዬ ነው።»

ልጁ ክፉ ቢሆን እኮ ነገሩ ይቀል ነበር። ክፉን ሰው ጠልቶ መገላገል ነው። ማተቤ ግን ደሞዝን ባየ ቁጥር ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። «እንዴት ዋሉ ጋሼ ደሞዝ? ወይራዋን አንገቷን በእሳት ሲያጎብጧት እንዴት አይሰነጠቅብዎትም?» ብሎ ይጠይቀዋል። ደሞዝ «እንዲሁ ነው» ብሎት ያልፋል። የልጁ አክብሮት ከስድብ ይልቅ አንጀቱን ያሳርረዋል። ቤቱ ገብቶ ደግሞ «አየሽው? ሊሰርቀኝ እኮ ነው የሚጠይቀኝ» ይላታል ታንጉትን።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ያው በደርጉ ጊዜ፣ ለገና በዓል የአብደራፊ የእርሻ ሠራተኞች በሎሪ መጥተው ከመተማ ጋር ሊጋጠሙ ተወሰነ። የመተማው አለቃ ደምለው ነበር። ደምለው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፤ ያልለካው ነገር የማይዋጥለት ሰው። በሽተኛ «አተኮሰኝ» ቢለው አያምንም፣ ቴርሞሜትሩን ነው የሚያምነው። ያን ዓመት ድንበሩ ሰላም ስላልነበረ ዱላ የያዘ ሰው ሜዳ ላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ለበዓሉ ቀን ብቻ በደብዳቤ ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ታዲያ ልምምዱ የት ይሁን? የዱላ ምርጫውስ?

ደምለው አሰበ አሰበና የሰሊጥ መጋዘኑን ተመኘ። የመጋዘኑ ጠባቂ ዓሊ ይባላል፤ ነጭ ጀላቢያ ከላዩ የማይጠፋ፣ አባቱ የገዳሪፍ ሰው፣ እሱ መተማ ያደገ፣ የደሞዝ እኩያና የቀልድ ባልንጀራ። «ዘይን፣ እሺ» አለ ዓሊ፣ «ጆንያዬን እንዳትቀዱብኝ እንጂ ግቡ።»

ደምለው እዚያ ውስጥ የሠራውን ስሙ። ከጣሪያው ወራጅ ላይ የሎሪ ሸራ አወረደ። ሸራው ላይ በኖራ ሦስት ክብ አሠመረ፣ አንዱን ባንዱ ውስጥ። ከአሥር እርምጃ ላይ ቆሞ፣ ጥንጓን እርጥብ ከሰል አስነክቶ በዱላ ይመታታል። ሸራው ላይ የምትተወው ጥቁር ምልክት ዱላው ቀጥ አድርጎ መምታቱን ይናገራል። ነጥራ ሲሚንቶው ላይ ወደኋላ የተመለሰችው ርቀት ደግሞ ጉልበቱን ይናገራል። ርቀቷን በጫማው ይለካና በሕክምና ካርድ ጀርባ ይጽፋታል። ለያንዳንዱ ዱላ ሦስት ምት። ክንድ እንዳይለያይ የሚመታው ደምለው ብቻ። ያሸነፈው ዱላ ጠራቢ የአሥሩንም ተጫዋች ዱላ በዚያው አምሳል ይጠርባል፤ የመተማ ዱላ የዚያን ሰው ስም ይዞ ከአብደራፊ ጋር ይጋጠማል። ደሞዝን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው። አሥሩ የማተቤ ከሆኑ እሱ ከኅዳር እስከ ኅዳር እጀታው ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው።

በታኅሣሥ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ሁለቱም ሦስት ሦስት ዱላ አመጡ። የማተቤ ክርክራዎች መሐለኛውን ክብ ደጋግመው መቱት። የደሞዝ ወይራዎች ጥንጓን ወደ ላይ እያነሱ ከክቦቹ በላይ ሰደዷት፤ አንዷማ ወራጁን አግኝታ የዓሊ እግር ሥር ወደቀች። መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

ደሞዝ ምክንያቱን ያውቀዋል። የማተቤ ዱላ እግሯ፣ ጥንጓን የሚመታው ጫፍ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ትንሸራተታለች። የሱ ወይራ ግን አፍንጫዋ ጠባብ፣ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። የመተማ ሜዳ ዋልካ አፈር ነዋ። በጋ ሲገባ እግር እስኪውጥ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ጥንግ ስንጥቁ ውስጥ ትቀረቀራለች፤ ከዚያ ቆፍሮ የሚያወጣት አፍንጫ ያስፈልጋል። ደሞዝ ያንን አፍንጫ ያገኘው በስንት ዓመት ጥረባ፣ በስንት ተጫዋች ስድብ ነው።

ያንኑ ተናገረ። «ደምለው፣ ገናን ሲሚንቶ ላይ ልትጫወቱት ነው እንዴ? ሜዳው ስንጥቅ አለው። ይሄ ሸራ የሚነግርህ መጋዘን ውስጥ ማን እንደሚያሸንፍ ነው።»

ልክ ነበር። አንዲት ቃል አልሳተም። አነጋገሩ ነው የገደለው፤ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን ከማተቤ ላይ ሳይነቅል። ሰው ቃሉን ትቶ ፊቱን አየ። «ደሞዝ፣ አንተን የያዘህስ ቅናት ነው፤ ደምለው አንድ መርፌ ይውጋህ» አለ ዓሊ፤ እንደገና ተሳቀ።

ደምለው ግን በአክብሮት ነው የመለሰለት። «ጋሼ ደሞዝ፣ ወረቀቱ አይዋሽም። የዛሬ ሳምንት እንደገና እንመታለን፤ የተሻለ ካለዎት ይዘው ይምጡ።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ደሞዝ ያን ሳምንት ሲሚንቶውን ረሳው። ቅናት እንዲህ ናት፤ ልክ የሆነውን ነገር ከእጅህ አስጥላ የማይረባውን ታስይዝሃለች። አሁን የያዘው ሌላ ነው። ደምለውና ማተቤ ወዳጆች ናቸው፤ ሻይ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቷቸዋል። ስለዚህ ደምለው የማተቤን ዱላ ሲይዝ ክንዱን ያጠነክራል፣ የሱን ሲይዝ ያላላል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ለታንጉት ነገራት።

«ምናልባት የልጁ ዱላ ጥሩ ቢሆንስ?» አለችው።

ደሞዝ ምሳውን ገፍቶ ተነሳ።

ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ከተማው በየጥላው ሲጋደም፣ ደሞዝ ወደ ማተቤ ግቢ ገባ። ማተቤ ዱላዎቹን የሚያደርቀው ከቤቱ ጀርባ በሰሊጥ ገለባ ውስጥ ቀብሮ መሆኑን ያውቃል፤ በዚያ ሁሉ ማለፍ ይህን ያህል አስተምሮታል። እጁን ሰደደና አንዷን መዘዘ። በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ። አልሰረቀም እኮ። የሰረቀ አልመሰለውም። እውነት ሊያወጣ ነው።

ያሰበው እንዲህ ነው። ዱላዋን ጥላሸትና ቅቤ ቀብቶ ያጠቁራታል፣ የራሱን የፍየል ቆዳ ይጠቀልልባታል፣ «እኔም እንግዲህ ጠፍጣፋ ጠረብሁ» ብሎ ያቀርባታል። ደምለው የደሞዝ ናት ብሎ ክንዱን ያላላል፤ ዱላዋም ትሸነፋለች። ያን ጊዜ ደሞዝ ሰው ሁሉ እያየ ቆዳውን ይገነጥላል። «እዩት! የማተቤ ናት! በኔ ስም ስትመጣ ጉልበቷ የት ገባ?» ይላል። ሸራውም፣ ወረቀቱም፣ ደምለውም፣ ማተቤም ባንድ ቀን ይዋረዳሉ። ንግግሩን እየተለማመደ ሁለት ቀን ከራሱ ጋር ሲያወራ ከረመ።

ቅዳሜ መጋዘኑ ጢም አለ። የማተቤ ዱላዎች ተመቱ፤ ጥሩ ነበሩ። ከዚያ ደምለው የጠቆረችውን አነሳ። ደሞዝ አጠገቡ ቆሟል፣ የቆዳው ጫፍ የት እንደሆነ በዓይኑ ይዞ። አንደኛው ምት መሐለኛው ክብ ላይ አረፈ። ሁለተኛው እዚያው። ሦስተኛው በሁለቱ ምልክቶች ላይ ተደረበ፤ ጥንጓም ነጥራ የደምለውን እግር አልፋ ሄደች። ደምለው በጫማው እየለካ እስከ በሩ ደረሰ። «ሠላሳ አራት» አለ። የማተቤ ትልቁ ሃያ ዘጠኝ ነበር።

ደምለው ክንዱን አላላላም። አላልቶም አያውቅም።

የደሞዝ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ቆዳውን ቢገነጥል ምን ሊል ነው? የማተቤ ናት፣ አሸነፈች? ሰው ግን ከበበው፣ ትከሻውን መታው፣ «ጋሼ ደሞዝ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቀው ነው!» አለው። ዓሊ እንኳ «ወላሂ፣ አፌን ይቁረጠው» አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ግን እንዴት አድርጎ ያደምቃል መሰላችሁ። ደሞዝ ልቡ ቅቤ ጠጣ። አፉ በራሱ ጊዜ «እንግዲህ፣ ዕድሜ ያስተምራል» ሲል ሰማው።

ከዚያ ማተቤ ዱላዋን አነሳ። መዘናት። አውራ ጣቱን ካንገቷ ወደ እግሯ ሰደደና አንድ ቦታ ላይ ቆም አለ። ቀና ብሎ ደሞዝን አየው፤ ብዙ አላየውም። «እጅዎ ይባረክ ጋሼ ደሞዝ» አለና በሁለት እጁ መለሰለት።

ያወቀ ይሁን ያላወቀ ለደሞዝ አልለየለትም። ደምለው ደግሞ ሌላ ዕዳ ጨመረበት፤ «ዘጠኝ እንደዚች ያለች፣ ቁርጥ እሷን፣ ለገና ሳምንት ሲቀረው» ብሎ አዘዘ።

ደሞዝ ክርክራ አስቆርጦ ሞከረ። ወይራ እንደለመደው በእሳት ሊያጎብጣት ሲል ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋም ተሰነጠቀች። ማተቤ ለካ አያጎብጥም፤ ጫካ ገብቶ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ፈልጎ ነው የሚቆርጠው። ያንን ያወቀው ሁለት እንጨት አበላሽቶ ነው። ያቺን የጠቆረችውን ግድግዳ ላይ ሰቅሏታል፤ ባያት ቁጥር ይበልጥ ታምርበታለች። በሷ ይመሰገናል፣ በሷው ይቀናል። ሰው በስሙ በተጠራ ነገር ሲቀና አይታችኋል? ምግብ ጭራሽ ቀረ። ታንጉትም መጠየቋን ተወች።

በመጨረሻ ሜዳው ትዝ አለው። የማሽላ አገዳ ለፍየል የሚወስድ መስሎ፣ የማተቤን ክርክራና የራሱን አንዲት ወይራ አገዳ ውስጥ ሸሽጎ ወደ ዋልካው ወረደ። ጥንግ ጣለ። በክርክራዋ ሲመታ፣ ደረቅ ያለው መሬት ላይ ሸጋ ትሄዳለች። ስንጥቅ ውስጥ ስትገባ ግን ሰፊው እግር አፋፉ ላይ ይቀራል፤ ሦስቴ አራቴ አፈር ይገፋል እንጂ አይደርስባትም። በወይራዋ አንዴ ጫር ሲያደርጋት ጥንጓ ብድግ ብላ ወጣች። ሌላ ስንጥቅ ሞከረ፤ ወጣች። አሥር ጊዜ ሞከረ።

ብቻውን ሜዳው ላይ ሳቀ። ልክ ነበር! ሸራው ሊዋሽ አላሰበም፣ የሚያውቀውን ተናገረ፤ ግን ሲሚንቶ እንጂ ዋልካ አያውቅም። ደሞዝ ይህንን ለደምለው ሊነግር ዱላዎቹን ሸክፎ ተነሳ። ከአሥር እርምጃ በኋላ ቆመ።

ምን ብሎ? «የኔ ዱላ ሜዳ ላይ አትረባም» ብሎ? ሜዳ ላይ የማትረባው እኮ የደሞዝ የተባለችው ናት። ወይራዋ ትክክል ናት ለማለት ያቺን የኔ አይደለችም ማለት አለበት። የኔ አይደለችም ካለ ደግሞ የማን ናት? እንዴት እጅህ ገባች? እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ልክ ሆኖ አያውቅም፣ እንደዚያን ቀንም አፉ ተይዞ አያውቅም።

ሦስት ቀን ካፈርሁ አይመልሰኝ አለ። በአራተኛው ቀን ተጫዋቾቹ መጋዘን ሲለማመዱ ገባና የጠቆረችውን ዱላ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ቆዳውን በቢላ ቆረጠ። ከሥሩ ጥላሸት ያልነካው ነጭ እንጨት ወጣ።

«የማተቤ ናት» አለ። «ከግቢው ወሰድኋት። ትሸነፋለች ብዬ ነበር።»

ደምለው ወደ ማተቤ ዞረ። «ያንተ ናት?»

«የኔ ናት» አለ ማተቤ።

«መቼ አወቅህ?»

«ያን ዕለት። አንገቷ ላይ መሮ ያመለጠኝ ቦታ አለ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

ማተቤ መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ ደሞዝ ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ነዋ» አለ።

ደሞዝ እስከዚያ ቀን የሚቀናው በልጁ እጅ ሥራ ነበር። አሁን ልጁ ከሱ የሚሻልበት ሌላ ነገር መጣ፤ ይሄኛውን በመሮም በእሳትም ሊደርስበት አይችልም። ቢሆንም ከመጣ ወዲያ መናገር ነበረበትና ሜዳው ላይ የሞከረውን ሁሉ ዘረዘረ፤ ስንጥቁን፣ አፍንጫዋን፣ አሥሩን ጊዜ።

ደምለው አላስጨረሰውም። «በቃህ» አለው። እስከዚያ ዕለት «እርስዎ» ነበር የሚለው፤ አንቱታው ያን ቀን ተነሳ። «ሰርቀህ አሸነፍህ፣ አሁን ደግሞ የሰረቅኸው ዕቃ አይረባም ትለኛለህ? ዘጠኙን ማተቤ ይጠርበዋል። አንተ ወደ እጀታህ ተመለስ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ተቀምጦ ይውል ነበር። ገና ዕለት ግን ደሞዝ ያቺን ወይራ ተደግፎ ሜዳው ዳር ቆመ። ቆዳ አልጠቀለለባትም፤ ከዚያ ወዲህ ቆዳውን ማየት አስጠልቶታል። ለምን መጣ? እኔ ላልዋሻችሁ፣ ሲሸነፉ ሊያይ ነው። አብደራፊዎች ከሎሪያቸው ወርደው፣ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ያረጀ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ጨዋታው ተጀመረ። መተማዎች በደረቁ መሬት ላይ ጥንጓን እንደ ጥይት ያስኬዷታል፤ ስንጥቅ ሲገጥማቸው ግን አፈር ይዝቃሉ፣ አብደራፊዎች ይነጥቋቸዋል። አንድ ጊዜ ጥንጓን ከግብ መስመሩ አሳለፉባቸው። ሁለተኛ አሳለፉባቸው። ደሞዝ እያንዳንዷን ስንጥቅ እየቆጠረ፣ «አላልሁም? አላልሁም?» ይላል ለራሱ። ደስታውን ግን የሚጋራው ሰው የለም።

ከዚያ ማተቤ ጨዋታው መሐል የራሱን ዱላ ጣለ። ላቡ እየወረደ፣ ሜዳውን አቋርጦ ደሞዝ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ልክ ነበሩ» አለው። «ይችን ይስጡኝ።»

ደሞዝ ወይራዋን ጠበቅ አደረገ። ባይሰጠው መተማ ይሸነፋል፣ እሱ ልክ ይሆናል። ቢሰጠው ልጁ በሷ ያሸንፋል፤ ስሙ የሚጠራው የያዛት ነው እንጂ የጠረባት አይደለም፤ ይህን ደሞዝ ከማንም በላይ ያውቃል። ማተቤ እጁን ዘርግቶ አልጎተተም፤ ይጠብቃል። ያው መጠበቅ። ደሞዝ «በእግሯ አትምታ፣ በአፍንጫዋ ጫር አድርጋት» ብሎ ለቀቀለት።

ማተቤ የመጀመሪያዋን ከስንጥቅ ብድግ አድርጎ ሲያወጣት አብደራፊዎች ቆመው ቀሩ። አንዷን ከመስመር አሳለፈ። ሁለተኛዋን ደገመ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሦስተኛዋን ሲያሳልፍ ሜዳው ተደበላለቀ። ሰው በትከሻው አነሳው። ወይራዋን ከፍ አድርጎ ይዟታል፣ «ማተቤ፣ ማተቤ» ይባላል። ማተቤ እዚያ ላይ ሆኖ ወደ ዳር እየጠቆመ አንድ ነገር ይናገራል፤ በዚያ ጩኸት ማን ይስማው?

የደሞዝ ዓይኑ እንባ ሞላ። በቅናት ይሁን በደስታ እሱም አያውቅ። ብቻ ለአንድ ሰው መናገር አማረውና አጠገቡ ወደቆመው ዓሊ ዞረ።

«ዓሊ፣ ይቺ ዱላ እኮ የኔ ናት። እኔ ነኝ የጠረብኋት።»

ዓሊ ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ፤ እንደ ድሮ ባልንጀራ ነው የሳቀው። «ተው እንጂ ደሞዝ፣ ዛሬም? ልጁ መጥቶ ከእጅህ ሲወስዳት ሁላችንም አይተን የለ? የራሱን ነው ያስመለሰህ። ይልቅ እሷን ደሞ መቼ ከግቢው አነሳሃት?»

ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ባያጨበጭብ ቀና ይሉታልና እሱም ከሰው ጋር አጨበጨበ።